ስልኩ «ማኅተም አለው» ሲል፦ ከደብረ ብርሃን እስከ አጋሮ

ወንድሜ ኤርሚያስ ከሞተ በኋላ ስልኩን ማጥፋት አልቻልኩም። በአጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከሚስማር ሣጥኖቹ አጠገብ አስቀምጬ ቻርጅ አደርገው ነበር። እናቴ «ማን ይደውልለታል ብለህ ነው?» ትለኛለች።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ የድምፅ መልእክት ገባ። የሴት ድምፅ ነው። «ኤርሚ፣ ራህመት ነኝ፤ ከአጋሮ። ገጹ ምን ሆኖ ነው? ስልኬ ‹ማኅተም አለው› ብቻ ነው የሚለኝ። ሌላ ምንም አያነብልኝም። እኔ ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገረኝ።» ከሳምንት በኋላ ሌላ መጣ። «ተቀየምከኝ እንዴ?» ሦስተኛው አጭር ነው። «ኤርሚ፣ ሰው ተጎዳ። እባክህ።»

ራህመት ማን እንደሆነች ከኤርሚያስ ሰማያዊ ደብተር አውቃለሁ። ዓይነ ስውር ናት። ኤርሚያስ ጅማ ተምሮ እዚያው ቀርቶ ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። ለአንድ የቡና አምራቾች ማኅበር የሠራው ገጽ የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ በየትኛው ቀን እሸት ቡና እንደሚቀበል፣ ችግኝ መቼ እንደሚታደል፣ ሥልጠና የት እንደሚሰጥ ይናገራል። ራህመት ገጹን በሚናገር ስልኳ ትሰማለች። ስልኩ ጣቷ ያረፈበትን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ የሚነበብ ነገር ካለ ማለት ነው።

ልመልስላት ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። «ኤርሚያስ አርፏል» ብዬ ብጽፍ የሚነግራት ያ የማሽን ድምፅ ነው። በራሴ ድምፅ እንዳልልክ ደግሞ ድምፃችን አንድ ነው ይሉናል፤ ስልክ ላይ እናታችን እንኳን ትሳሳት ነበር። እስክጨርስ ድረስ እሱ የመለሰላት ይመስላታል። ያን ማድረግ አልቻልኩም። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ሄድኩ። አብዛኞቻችሁ ጅማን ስላላያችሁ እንደ ቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ። ብዙ አላየሁም፤ ያየሁትን ነው።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ውርጭ የመኪና መስታወት ላይ እንደ ጨው ሳለ ነው። እናቴ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ሰጠችኝ። «ያበሉት ሰዎች ይኖራሉ፤ ስጣቸው» አለች። የኤርሚያስን ላፕቶፕና ደብተር፣ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ካፖርት ያዝኩ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርኩ። ስለዚያ የምጽፈው የለኝም፤ የላፕቶፑን ቻርጀር ረስቼ ከመውጣቴ በቀር።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጡት ከጅማ በፊት ሰርቦ ላይ የሚወርዱ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ወሊሶን እስክናልፍ አልተነጋገርንም። ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ አየሩ ተለወጠ። እኛ አገር ሙቀት ማለት እኩለ ቀን ላይ ግድግዳ ተደግፈህ ፀሐይ ስትሞቅ ነው። እዚህ ሙቀቱ ከመሬት ነው የሚወጣው። ላብ ያጠምቀኝ ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ ከየትኛው በረዶ ቤት ነው የመጣኸው?» አሉኝ ነጋዴው።

«ከደብረ ብርሃን።»

«ወላሂ ያስታውቃል! አውልቀው እንጂ፤ ጊቤ ላይ ማን ያይሃል?»

ካፖርቱንም ሹራቡንም አወለቅሁ። ከዚያ ስልካቸውን ሰጡኝ። «ዓይን ካለህ ይቺን አንብብልኝ። ልጄ የላከልኝ የዕቃ ዝርዝር ነው።» አየሁት። ጽሑፉ ጥቃቅን፣ ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ነው፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ደግሞ ጨርሶ አጥፍቶታል። በእጄ ከልዬ አነበብኩላቸው። «ይህን ማን ጻፈው? ለጉንዳን ነው?» አሉ። ሳቅሁ። ከአራት ወር ወዲህ መጀመሪያዬ ይመስለኛል። ወዲያው አፈርኩ።

ኤርሚያስ ለበዓል ሲመጣ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ነበር የሚያወራው። እኛ ስለ በጉ ስናወራ እሱ ስለ ፊደል ቀለም። «ፀሐይ ላይ ቆመህ ካላነበብከው ጽሑፍ አይደለም፣ ማሙሽ» ይለኛል። አንድ ቀን በእናቴ ነጠላ ዓይኔን አስሮ ስልክ ሰጠኝ። «የዚህን ድርጅት ስልክ ቁጥር ፈልግ።» ስልኩ «አዝራር፣ አዝራር፣ ምስል፣ አዝራር» እያለኝ ስዞር ዋልኩ። ሲሰለቸኝ ነጠላውን አውልቄ ወረወርኩት። «አየህ፣ አንተ ማውለቅ ትችላለህ» አለ። ያኔ የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

ከነጋዴው ከተለየሁ በኋላ ደብተሩን አወጣሁ። በየከተማው እየዞረ ሰዎች ገጹን ሲጠቀሙ አጠገባቸው ተቀምጦ የጻፈው ነው። «ሊሙ ገነት፤ አንድ ገበሬ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። እሸት ሲለቅም የበሰለውን ልጁ ትነግረዋለች። እኔ ክፍት ጣቢያ አረንጓዴ፣ ዝግ ጣቢያ ቀይ ብቻ አድርጌያለሁ። ጥፋቱ የኔ። ‹ክፍት›፣ ‹ዝግ› ተብሎ በቃል ይጻፍ።» «ጌራ፤ ኔትወርኩ ደካማ ነው። ፎቶው እስኪከፈት ሰዉ ይሄዳል። ጥፋቱ የኔ። ይቅለል።» «አጋሮ፤ ራህመት። አዝራሩ ስም የለውም። የሠፈሩ አንባቢ እሷ ናት፤ እሷ ጋ ካልደረሰ ሠፈሩ ጋ አልደረሰም። ጥፋቱ የኔ።» በየገጹ ይቺ ቃል አለች። ጥፋቱ የኔ።

ጅማ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ሄርማታ፣ ገበያው አጠገብ፣ ኤርሚያስ ተከራይቶ ይኖርበት የነበረውን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። ባለቤቷ አዴ ከድጃ ይባላሉ፤ በዕድሜ እናቴን ይበልጣሉ። በሩን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ያ ረቢ! አንተ ታናሽየው ነህ።»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ኮቱ፣ ግባ። ቁጭ በል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን...»

ክፍሉን ለሁለት ተማሪዎች አከራይተውት ነበር። ልጆቹን ጠርተው «ዛሬ አንድ አልጋ ላይ ተኙ፤ ወንድሙ መጥቷል» አሏቸው። አንደኛው ቻርጀር እንደሌለኝ ሲሰማ የራሱን አምጥቶ ሞከረው፤ ገጠመ። አዴ ከድጃ ሙቅ ገንፎ በቅቤ አቀረቡልኝ። እኛ ዘንድ ገንፎ የአራስ ቤት ነው። እዚህ ለእንግዳ ነው፤ ለሐዘንተኛም መሰለኝ። በርጩማው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቴ ደረቴ ላይ ደርሶ ነበር። ዳቦ ቆሎውን ሰጠኋቸው። አንዷን ቆርጥመው «ኤርሚያስም ይህን ያመጣልኝ ነበር። ጥርሴን ይፈትነዋል» አሉ፤ አለቀሱም።

ረቡዕ

ጠዋት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ገጹ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፉት ጋሽ ታምሩ ይባላሉ። በታይፕ ጊዜ የተቀጠሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ሃምሳን አልፈዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ተነሥተው አቀፉኝ። «ልጄ ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረኝ እሱ ነው። ‹ጋሼ፣ አይነክስም› ይለኝ ነበር» አሉ።

የራህመትን መልእክት አሰማኋቸው። ግራ ገባቸው።

«ማኅተም አለው ነው የሚላት? ታዲያ ልክ ነዋ። አለው።»

ኮምፒውተሩን ከፍተው አሳዩኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በፊት ማስታወቂያ ገጹ ላይ በጽሑፍ ነበር የሚወጣው። በኋላ አንድ ሰው የሐሰት ማስታወቂያ በማኅበሩ ስም ጽፎ በየስልኩ በተነ፤ ሰዉም ማኅተም ያላየበትን አላምንም አለ። እውነት ነው፤ እኛም አገር ማኅተም የሌለው ወረቀት ወሬ ነው። ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ሁሉ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶ፣ ፎቶው እንዲለጠፍ አዘዙ። የሚናገር ስልክ ግን ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ አያነብም። ኤርሚያስ ይህን ሲያይ አንድ ሣጥን ጨመረ። ፎቶ ስትለጥፍ «በፎቶው ላይ ምን አለ? እባክዎ ይጻፉ። የማያይ ሰው አለ።» የሚል ሣጥን ይወጣል። እሱ ካልተሞላ ገጹ አያሳልፍም። ስልኩ ለራህመት የሚያነበው እዚያ የተጻፈውን ነው።

ኤርሚያስ በሕይወት ሳለ ሣጥኑን የሚሞላው ራሱ ነበር። ጋሽ ታምሩ ፎቶ ይልኩለታል፤ እሱ ቃል በቃል ይገለብጠዋል። ከሞተ ወዲህ ጋሽ ታምሩ ብቻቸውን ቀሩ።

«‹ምን አለ?› ብሎ ይጠይቀኛል። ወረቀቱን አያለሁ። ዋናው ነገር ማኅተሙ ነው። ማኅተም አለው ብዬ ጻፍኩ፤ አሳለፈኝ። ልክ ነኝ ማለት ነው ብዬ...» ሣጥኑን በጣታቸው አሳዩኝ። «‹የማያይ ሰው አለ› የሚለውን ማኅተሙን ለማያይ ሰው መሰለኝ። ኔትወርክ አንሶት ፎቶው ላልተከፈተለት።»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «ነፍስ ይማር» አሉኝ፤ ወንበር ሰጡኝ። በየማስታወቂያው ሥር ጽሑፉ እንዲጻፍ ለመንኩ። ፈገግ አሉ። አዲስ ገጽ አዲስ አበባ እየተሠራ ነው አሉ። «ስትከፍተው ቡናው ከዛፉ ሲረግፍ ይታያል። የድሮው ከሁለት ወር በኋላ ይዘጋል።»

«አዲሱ የሚናገር ስልክ ያነበዋል?»

«ስንት ዓይነ ስውር አለ ብለህ ነው?»

«አንድ አውቃለሁ» አልኩ።

«አንድ» አሉ። ቁጥሩን እንደ ትንሽ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት መሰለኝ። ኤርሚያስ ቢሆን ይመልስ ነበር። ደብተሩ ውስጥ «እሷ ጋ ካልደረሰ ሠፈሩ ጋ አልደረሰም» የሚለው ትዝ ያለኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ጋሽ ታምሩ በር ላይ ጠበቁኝ። «የድሮው እስኪዘጋ ግን አለ አይደል? ና፣ አብረን እንሙላው» አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማስታወቂያዎቹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ናቸው። እኔ አፋን ኦሮሞ አላውቅም፤ እሳቸው ፊደል በፊደል እየነገሩኝ እጽፋለሁ፤ አማርኛውን ራሴ። ከገጹ ሥር፣ መጀመሪያ ከወጣው ጀመርን።

የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈትኩት። ማኅተሙ ሰማያዊ ነው፤ ትንሽ ተንጋዷል። ከማኅተሙ በላይ የሐዘን መግለጫ የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ የወንድሜ ስም ከነአባቱ።

ሣጥኑ ውስጥ «ማኅተም አለው» ይላል።

እንግዲህ ራህመት ይህንን ነበር መጀመሪያ የሰማችው። ወንድሜ መሞቱን ገጹ ነግሯታል፤ ራሱ የሠራው ገጽ። እንዲህ ብሎ ነው የነገራት።

ጋሽ ታምሩም አዩት። «እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አሉ። «እያለቀስኩ ነው የለጠፍኩት።» ማኅተም አለው የሚለውን አጠፋሁ። «የድረ ገጻችን ባለሙያ የነበረው ወጣት ኤርሚያስ...» ብዬ ጀመርኩ። አምስት መስመር ናት። እስከ ምሳ ድረስ ፈጀችብኝ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ስንጽፍ ዋልን። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። አንድ ጊዜ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ጠፋብን፤ እንደገና ጻፍነው። አዴ ከድጃ በአንዱ ተማሪ እጅ ምሳ ላኩልን፤ አቮካዶ በዳቦ። እኛ አገር አቮካዶ ጭማቂ ቤት ነው የማውቀው፤ እዚህ ዛፉ ሥር ወድቆ ዶሮ ይጭረዋል። ጋሽ ታምሩ ምሳቸውን እየበሉ «ስንት ቃል ነው ፎቶ ውስጥ የቀበርኩት» አሉ። ለኔ አይደለም የተናገሩት።

ዓርብ

ወደ አጋሮ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ ዳር ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ትላልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና። እኛ ዘንድ ሜዳው ዓይንህ እስኪደክም ይታያል። እዚህ ከመንገዱ አሥር እርምጃ በላይ አታይም። በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ተሰጥቷል። የተፈለፈለው ገለባ ይሸታል፤ እንደ ኮመጠጠ ፍሬ።

አጋሮ መግቢያ ላይ ወረድኩ፤ ቤቱን አላውቀውም። አንድ ባጃጅ አቆምኩና ራህመት የምትባል፣ ዓይነ ስውር ብዬ ጀመርኩ።

«ስልኳ የሚያወራው? ግባ፣ ግባ» አለ ሹፌሩ። እየነዳ ይስቃል። «ራህመት ማኅተም! ልጆቹ እንደዚያ ነው የሚሏት። ‹ራህመት፣ ዛሬ ምን አለ?› ሲሏት፣ ‹ማኅተም አለው›!»

«አቁም» አልኩት።

«ምነው?»

«ገጹን የሠራው ወንድሜ ነው። ሞቷል።»

ባጃጁን ዳር አስይዞ አቆመ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «አይተነዋል፤ ፎቶው ወጥቶ ነበር። አላህ ይዘንለት» አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። «እሷ አታውቅም እንዴ? እኛ እኮ... የሠፈሩን ወሬ የምትነግረን እሷ ነበረች። ከኛ በፊት የሰማች ነው የመሰለን።» በር ድረስ አደረሰኝ። ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ራህመት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ግቢው ውስጥ ጀንፈል፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ከተሰጣበት ምንጣፍ አጠገብ ተቀምጣ በእጇ ድንጋይ ትለቅማለች። እናቷ ጓዳ ውስጥ ነበሩ። በሩ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሌላ ቃል አስቤ ነበር፤ የወጣው ግን «እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ ራህመት» የሚል ነው።

እጇ ቆመ። ፊቷ ሁሉ በራ።

«ኤርሚ! አንተ ክፉ!»

መንገዱን ሁሉ ይህን ነበር የፈራሁት። ቶሎ መናገር ነበረብኝ።

«ኤርሚ?»

«ወንድሙ ነኝ» አልኩ። «ቢኒያም እባላለሁ።»

የቀረውን አልነገርኳትም። ድምፄ ነገራት። በእጇ የያዘችውን ቡና ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ መለሰች፤ አንድ ፍሬ እንኳን አልወደቀም። «መቼ?» አለች። ነሐሴ ላይ አልኳት። ኩላሊቱ፣ አንድ ወር ታሞ። ቆጠረች።

«እኔ ተቀየምከኝ ወይ ብዬዋለሁ። ከሞተ በኋላ።»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ማንም አልነገረኝም።»

ስለ ሐዘን መግለጫው ነገርኳት። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ቀድሞ አይደለም።

እናቷ መጥተው ከሰሙ በኋላ ጎረቤት ተጠራ። አምስት ስድስት ሴቶች ገቡ፤ ተቀመጡ፤ የሚያውቁትም የማያውቁትም ኤርሚያስን አለቀሱለት። አራት ወር ዘግይቶ የመጣ ለቅሶ ነው። እኔ መሐል ላይ ብርዝ በብርጭቆ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ማሩ የጌራ ነው አሉኝ። ከአንዷ በቀር ሁሉም ራህመትን አቅፈዋት ሄዱ። ያቺኛዋ ሳትጠጋት ወጣች። ራህመት እርምጃዋን ሰምታ አወቀቻት።

«ሰው ተጎዳ ያልኩት እነሱን ነው» አለችኝ። ቀድሞ ሽማግሌውም አሮጊቱም ሊጠይቋት ይመጡ ነበር፤ ማንበብ የማይችል፣ ዓይኑ የደከመ፣ ስልክ የሌለው። ጥቅምት ላይ ጣቢያው እሸት የሚቀበልበት ቀን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተዛወረ። ማስታወቂያው በፎቶ ወጣ። «ስልኬ ማኅተም አለው አለኝ። አዲስ ነገር የለም ማለት መሰለኝ። ማክሰኞ ነው አልኳቸው።» ሰባት ቤት ሰው ቀዩን ለቅሞ ተሸክሞ ሄደ። ጣቢያው ዝግ ነበር። እሸት ቡና አንድ ቀን ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ አይቀበሉትም። «መሐላቸው አሁን ሳይጠጉኝ የወጡት ሴትዮ ነበሩ። ‹ለማያይ ሰው ዓይኔን አደራ መስጠቴ› አሉ። እውነታቸውን ነው።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ የማን ነው?»

ጋሽ ታምሩን አሰብኩ። ደብተሩንም አሰብኩ።

ስልኳን አወጣች። ገጹን ከፈተችና ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ወሰደች። ስልኩ አነበበ። በዚያ ደረቅ ድምፁ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ሁሉንም አነበበ። የችግኙን፣ የሥልጠናውን። የጣቢያው ቀን ለውጥ ላይ ሲደርስ «ሐሙስ» አለ። ደግማ ነካችው። «ሐሙስ» አለ። ሦስተኛም ነካችው።

«አሁን ነገረኝ» አለች።

ከሥር የመጨረሻው ቀረ። «እሱን ተይው» አልኳት። አልሰማችኝም፤ ጣቷን አሳረፈች። ስልኩ የወንድሜን ስም ስህተት ቦታ ላይ እየሰበረ አነበበው። እኔ የጻፍኩትን አምስት መስመር ሁሉ። እናቷ አፋን ኦሮሞውን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሲጨርስ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ጥሩ ጽፈኸዋል» አለች ራህመት።

ቅዳሜ

ዓርብ ማታ ጅማ ተመልሼ ነበር፤ ጠዋት ቢሮው ጋ ለስንብት ጎራ አልኩ። ጋሽ ታምሩ በዚያው ጠዋት የወጣ ማስታወቂያ ይለጥፉ ነበር። ሣጥኑን ራሳቸው፣ በሁለት ጣት፣ ከላይ እስከ ታች እየሞሉ ነው። ከመጨረሻው መስመር ቀጥሎ «ማኅተም አለው» ብለው ጨመሩ። «ይህም እውነት ነው፤ ትወቀው» አሉኝ። እኔም ይሁን አልኩ። አዴ ከድጃ አንድ ትንሽ በርጩማ በገመድ አሥረው ሰጡኝ፤ ኤርሚያስ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጥበት ነው። አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ይዤው መጣሁ። ጊቤን ስናልፍ ሹራቤን ለበስኩ።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈ። የካቲት ላይ አዲሱ ገጽ ተከፈተ። አየሁት፤ ቡናው ከዛፉ ሲረግፍ ያምራል። የድሮው ተዘጋ፤ ማስታወቂያዎቹም፣ ሣጥኑም፣ «የማያይ ሰው አለ» የሚለውም። የሐዘን መግለጫውም አብሮ ሄደ። ጋሽ ታምሩ ደውለውልኝ «የምጽፍበት ቦታ የለም፣ ልጄ። ፈለግሁ፣ የለም» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ከራህመት መልእክት ገባ፤ በኤርሚያስ ስልክ። መጀመሪያ የእሷ ድምፅ አይደለም፤ ስልኳን ወደ ሌላ ስልክ አስጠግታ የቀዳችው ነው። «ምስል። ምስል። አዝራር። ምስል። አዝራር።» ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይላል። ከዚያ እሷ፦ «ሰማህ? ይሄኛው ማኅተም አለው እንኳን አይልም።»

አሁን ሰኞ ሰኞ ሱቁን ከመክፈቴ በፊት አዲሱን ገጽ እከፍታለሁ። ፎቶዎቹን አይቼ በድምፄ አንብቤ እልክላታለሁ። አማርኛው ቀላል ነው። አፋን ኦሮሞውን ትርጉሙን ሳላውቅ ፊደሉን ብቻ ነው የማነበው። እሷ አርማኝ ትመልሳለች፤ አንዳንዴ ትስቃለች። እኚያ «ዓይኔን አደራ» ያሉት ሴትዮ እንደገና መጥተው ጠየቋት ብላኛለች፤ አንድ ጊዜ።

ባለፈው ሰኞ አሞኝ ነበር፤ ትንሽ ትኩሳት። ሳላነብ ቀረሁ። ማክሰኞ ስልኩን ሳነሣ ከእሷ አንድ መልእክት ጠብቆኛል። አራት ቃል ብቻ ናት።

«ቢኒያም፣ አለህ? ፈርቼ ነው።»